የግማሽ ቀን ወንፈል

ከወረታ ወጣ ሲሉ፣ አስፋልቱ አልቆ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወስደው የጭቃ መንገድ ሲጀምር፣ በስተግራ በኩል ቆርቆሮው የዛገ ረዥም ቤት አለ። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። እኛ ስንገባበት ከግድግዳው የጤፍ ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር፤ አይጦቹም እንግዳ የሆንነው እኛ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ ነግረውናል። ዛሬ ሰው የልጆች ቤት ይለዋል። በዚያን ጊዜ ግን ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ በአገጩ ወደዚያ አመልክቶ ያልፍ ነበር።

እኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ሁሉ ከፈረሴና ከመንገዱ ነው። ሩዝ እጭናለሁ፣ ሙሽራ እጭናለሁ፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለመታጠብ የሚመጣውንም መንገደኛ እስከ መኪናው አደርሳለሁ። በዚያ ክፉ ዘመን ግን ከሩዙም ከሙሽራውም ይልቅ በሽተኛ በዛ። ሰው በየቤቱ ይከሳል፣ ይስላል፣ ከዚያ እኔን ይጠሩኛል።

አንድ ቀን ከቁሐር ሚካኤል በኩል አንዲት ሴት ጫንኩ። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ተቀምጣለች። ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ሴትየዋ ብዙም አልቆየች፤ በዚያው ሳምንት አረፈች። ከቀብር ስንመለስ ልጅቱ ጋሪየ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ አልወርድም አለች። ዘመድ የተባለ ሁሉ አንዱ አንዱን ያያል።

«የት ልውሰድሽ እንግዲህ?» አልኳት።

«ፈረሱ ወደሚሄድበት» አለች።

ፈረስ ሲመሽ ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ነዋ። ባለቤቴ ከደጃፍ ቆማ ጋሪውን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ እኔን አየች። ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። «አንተ ፈረሱን ፍታ፤ እሷን እኔ አወርዳታለሁ» አለች። የልጆች ቤት የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው፤ ሌላ ምርቃት አላየሁም።

ከዚያማ ወሬው ወጣ። «ባለጋሪው ይቀበላል» ተባለ። አንዱን አያቱ እጁን ይዛ አመጣችው፤ አንዷን ጤና ጣቢያው ላከልን፤ አንዱን ሌሊት ደጃፋችን ላይ ጥለውት ሄዱ። ሁሉም እናት አባታቸውን የወሰደው በሽታ ደማቸው ውስጥ ያለ ልጆች ናቸው። ቤታችን ሲጠብ ቀበሌው መጋዘኑን ሰጠን፤ አንድ የእርዳታ ድርጅትም ዱቄትና ዘይት ይሰጠን ጀመር። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት የቀበርናቸው አሉ። ስለ እነሱ እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ባለቤቴ እስክታርፍ ድረስ የእያንዳንዳቸውን ቀን ታስብ ነበር፣ አሁን እኔ አስባለሁ።

መድኃኒቱ ሲመጣ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ልብሳቸው ማጠር ጀመረ። ሌላ ቤት የልጅ ልብስ ሲያጥር እናት ታማርራለች። በእኛ ቤት ሠርግ ነበር። ባለቤቴ የአንዱን ሱሪ ወደ ላይ ይዛ «ኧረ ኑ እዩ! ቁርጭምጭሚቱን ለቀቀ!» እያለች ጎረቤት ትጠራለች። ጎረቤት ከአጥር ወዲያ ሆኖ ያይና «እሰይ» ይላል። ወዲህ ግን አይገባም።

ያቺ ጋሪው ላይ የቀረችው ልጅ ከሁሉም ትልቋ ሆነች። ቁመቷ ከእኔ ትከሻ ደረሰ። ጠዋትና ማታ፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታናናሾቿን አሰልፋ መድኃኒታቸውን የምታስውጣቸው እሷ ነበረች። አንዱ አንገራገረ እንደሆነ «አፍህን ክፈት! ከምላስህ ሥር ደግሞ አሳየኝ!» ትለዋለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት የአዲስ አበባ ልጅ፣ ይህን አይታ «አባት፣ እኔ ሥራየን ለቅቄ እሷ ትተካኝ» አለችኝ። ለሳምንት ያህል ለተሳፋሪ ሁሉ ያወራሁት ይህንኑ ነው። ፈረሱ እንኳን ሰልችቶት ነበር።

ችግሩ ምግብ ሆነ። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ አይወድም፤ ሲስተር ደጋግማ ነግራናለች፣ ባትነግረንም ልጆቹ ውጠው ሲያስመልሳቸው አይተናል። የድርጅቱ ዱቄት ደግሞ እያደር ቀነሰ፤ በመጨረሻም በሚቀጥለው ዓመት እንደማይኖር ነገሩን። ይሄኔ አንዲት የቁሐር ሚካኤል ባልቴት፣ የልጅቱን እናት የምታውቅ፣ አራሽ የሌላት፣ «መሬቴን በእኩል ያዙት፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለልጆቹ» አለችን። አንድ ገበሬ በበሬው አረሰልን፣ እኔ እህሉን በጋሪየ አመላለስኩለት። ሩዙን ዘራን። በቀለ። ሐምሌ ሲገባ ውኃው ሜዳውን ሞላው፤ ሩዛችን ከውኃው በላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ዓይኔን እያሸሁ አየሁት። እኔ በሕይወቴ የሰው ሩዝ ስጭን ኖሬ የራሴን ማሳ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አረሙም እኩል በቀለ። እንዲያውም ብሶ በቀለ።

ሩዝ ማረም የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንብሶ፣ ሩዝ የሚመስለውን ሳር ከሩዙ እየለዩ በእጅ መንቀል ነው። ቢዘገይ አረሙ ሩዙን ይውጠዋል፣ ኅዳር ላይ የሚታጨድ ገለባ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ ወንፈል ይገባል። ዛሬ ሁሉም ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ያርማል፣ ነገ የሌላውን፤ የሠራህለት ሰው ተራህ ሲደርስ መጥቶ ይሠራልሃል። በወንፈል ገንዘብ የለም። የተቀበልከውን ጉልበት በጉልበት መመለስ ነው፤ ያልመለሰ ሰው በዚያ አገር ሰው አይባልም። ወንፈል የማያስገቡት ሰው ደግሞ ማሳው ለአረም ነው። ልጆቼ በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒታቸውን በምን እንደሚውጡ የሚወሰነው ወንፈሉ በመቀበሉና ባለመቀበሉ ነበር።

የወንፈሉ መሪ ማሳው ከእኛ ጋር የሚዋሰን ገበሬ ነበር፤ እኩያየ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም። ሄጄ ጠየቅኩት።

«አንተ ባለጋሪው፣ አንዴ ጎንበስ ብትል ማን ሊያቃናህ ነው?» አለኝ።

«ልጆቼ አሉ፤ ተለቅ ያሉት።»

ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «ጉልበት ካላቸው ይምጡ» አለ በመጨረሻ። «ነገ የእኔ ማሳ ነው።»

በነጋታው እኔና ልጅቱ፣ ሌሎች ተለቅ ተለቅ ያሉ ልጆችም ሄድን። ልጅቱ ጥዋት መድኃኒቷን ማሳው ድንበር ላይ ሆና፣ ከሻሿ ጫፍ ፈትታ፣ ሰው ሁሉ እያየ ዋጠች። ከዚያ ገባች። አራሚው በመስመር ተሰልፎ ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ይሳሳቃል። እስከ ምሳ ድረስ ልጆቼ ከመስመሩ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልቀሩም። እኔ ግን ቀርቻለሁ፤ ወገቤ እንደተባለው ሆነ።

ለምሳ ሲወጣ ነው የልጅቱ ባት ላይ አልቅት የታየው። በዚያ ረግረግ አልቅት ብርቅ አይደለም፤ በየቀኑ ሰው ላይም ከብት ላይም ይጣበቃል። ጨው ነስነስ ታደርግበታለህ፣ ይወድቃል፣ ትንሽ ደም ይወርዳል፣ አለቀ። ልጅቱም እንደዚያው አደረገች። ግን የመሪው ሚስት ምሳ ይዛ ከአጠገቧ ቆማ ነበርና ደሙን አየችው።

«ኡኡ! ውጡ! ልጆቼ፣ ውጡ ከውኃው!» ብላ ጮኸች። «አልቅቱ ከእሷ ጠጥቶ ከእናንተ ላይ ሊወጣ!»

ያን ጊዜ የነበረውን ሳስበው አሁን አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ያ ሁሉ ጎበዝ፣ በሬ በቀንዱ የሚይዝ ሰው፣ ውኃውን እያንቦጨረቀ ወደ ድንበሩ ሮጠ። አንዱ እግሩን ገልብጦ ያያል፤ አንዱ የጓደኛውን ጀርባ ይፈትሻል። ማሳው ውስጥ የቀረነው እኛ ብቻ ሆንን።

ልጅቱ ባቷን በውኃ አጠበች። «ኧረ እትየ» አለቻት ሴትየዋን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እኔን ጠግቦ እናንተ ጋ ምን ቀርቶት ይመጣል?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። መሪው ግን ወደ እኔ ሳያይ «ለዛሬ ብትሄዱ ይሻላል» አለ። ሄድን። ቤት ስንደርስ ልጅቱ የሆነውን ለባለቤቴ ስትነግራት፣ ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ፣ ገና አፏ የሚኮላተፈው፣ በጥሞና ስትሰማ ቆይታ፣

«እና አልቅቱም መድኃኒት ሊጀምር ነው?» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ባለቤቴ ናት። ከዚያ ልጅቱ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። «ማን ሊያስውጠው ነው?» አለ አንዱ። «ከምላሱ ሥር አሳየኝ ልትለው!» አለ ሌላው። እኔም ስስቅ እንባየ መጣ፣ ለምን እንደመጣ አልመረመርኩትም።

በማግስቱ ወደ ሲስተር ሄድን። ልጅቱ እንድታይልን ብላ አንድ አልቅት በጠርሙስ ይዛ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ አልቅት አይታ አታውቅም ለካ፤ ወንበሯ ላይ ወጣች። «ክደኚው! ልጄ፣ ክደኚው በእናትሽ!» ከወንበሩ ከወረደች በኋላ ግን በደንብ አስረዳችን። በሽታው እንደዚያ እንደማይተላለፍ፣ ለልጅቱም ሆነ ለሰው ሁሉ የሚያሰጋው የአልቅቱ ቁስል ቆሽሾ እንዳያመረቅዝ ብቻ እንደሆነ፣ በሳሙና ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ እንዲሸፈን ነገረችን። ከዚያም ራሷ «እኔ መጥቼ ልንገራቸው» አለች።

እሑድ በጋሪየ ወሰድኳት። ቁሐር ሚካኤል ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ቆማ አስረዳች። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችው። ሰው ጥያቄ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች፣ ሽማግሌዎቹ መረቋት። መሪውም «እውነትሽን ነው ሲስተር፣ ገብቶናል» አለ። ሰኞ የእኛ ተራ ነበር። ሰኞ ማንም አልመጣም። መስማታቸውን አልጠራጠርም፣ ማመናቸውንም አልጠራጠርም። እግራቸው ግን ገና አላመነም ነበር።

ድንበሩ ላይ ቆሜ ማሳውን አየሁ። አረሙ ከሩዙ እኩል ሆኗል። ሩዙን ትተን ወደ ቤት እንሂድ ልል አፌን ስከፍት ልጅቱ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ገባች። «አባየ፣ አንተ ቁጭ ብለህ የምንነቅለውን አውጣልን» አለችኝ። እነዚያ ተለቅ ተለቅ ያሉትም ተከተሏት። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴም መጣች። እንዲህ እየሆነ ሳምንት አለፈ። የጨረስነው ከማሳው ሩቡን ቢሆን ነው። የታረመው ግን፣ እውነቴን ነው፣ አንድ የሳር ዘር አይገኝበትም ነበር። አላፊው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። ቆም ብሎ አይቶ ያልፋል።

አንድ ቀን ወንፈሉ ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ያለውን የመሪውን ማሳ ሊያርም ተመልሶ መጣ፤ ባለፈው ያቋረጡት ነውና። በመካከላችን ያለችው አንዲት ድንበር ናት። እነሱ ይዘፍናሉ፣ እኛ ዝም ብለን እንነቅላለን። የወንፈል ዘፈን ታውቃላችሁ፤ ሰነፉን ይነካል፣ ፈሪውን ይነካል፣ የተነካ ሰው ወይ ይመልሳል ወይ ይችላል፤ መቀየም የለም። እነሱ አረፍ ሲሉ ልጅቱ ሳትቃና፣ እንደጎነበሰች፣ ብቻዋን አወጣች፦

«አልቅት ፈርቶ ወጥቶ ከዳር የቆመ ሰው፣
ወንፈሌን እንደያዘ ክረምቱን ጨረሰው።»

ወዲያ ማሳ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «ዋይ! ዋይ ዋይ ዋይ!» ብሎ ጭብጨባውን ለቀቀው። «መልስላት እንጂ! ምነው አፍህ ተዘጋ?» መሪውን ነው።

«ዝም በሉና እረሙ!» አለ እሱ።

«አልቅት ያዘው መሰለኝ ምላሱን!»

ልጅቱ ደገመችው። ሦስተኛ ስትለው ወዲያ ማሳ ያሉት ተቀባይ ሆኑላት። የገዛ ወንፈሉ ነው እኮ! እኔ ድንበሩ ላይ ተቀምጬ ሣር እየሰበሰብኩ ነበር፤ ሣሩን ይዤ ቀረሁ። ያች ፈረሱ ወደሚሄድበት ውሰደኝ ያለችኝ ልጅ፣ የአገሩን ጎበዝ ሁሉ በዘፈን ስታስጨበጭብ። ባለቤቴ ከወገቤ በክርኗ ነካ አድርጋኝ «አፍህን ግጠም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መሪው እረፍት አጣ። ገበያ ቀን ወረታ ጠላ ቤት ሲገባ «ቀስ፣ ጠላውን እያየህ ጠጣ፣ አልቅት እንዳይኖርበት» ይሉታል። ልጆች በመንገድ ሲያልፍ ዘፈኑን ያወጡበታል። ቀልደኛ ሰው ተቀልዶበት አይወድም።

አንድ ጠዋት ማሳ ስንደርስ ቀድሞን ድንበሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ወንፈሉ አለ፤ ሁሉም አይደለም፣ ሁለት ቤት ቀርተዋል፣ አብዛኛው ግን አለ።

«አንተ ባለጋሪው» አለኝ፣ «ይችን ልጅ ዝም አሰኝልኝ።»

«የያዝክባት ነገር አለ። ለእሷ ንገራት» አልኩት።

ወደ እሷ ዞረ። ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። «ልጄ፣ ግማሽ ቀን ሠርታችሁልኝ ነበር። ግማሽ ቀን አለብኝ።»

ልጅቱ መድኃኒቷን ከሻሿ ጫፍ እየፈታች ነበር። ዋጠች፣ ውኃ ጠጣች፣ አፏን ጠረገች። አላጣደፈችውም፣ እሷም አልተጣደፈችም። «ጋሸ፣ እኛ የመጣነው ሙሉ ቀን ልንሠራ ነበር» አለችው። «ከምሳ በኋላ ያስወጣችሁን እናንተ ናችሁ።»

ጎረምሳው «አገኘችህ!» ብሎ ጮኸ። መሪው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። «እሺ፣ ሙሉ ቀን ይሁን» አለና ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ፣ ከልጅቱ አጠገብ ገባ። ወንፈሉ ተከተለው።

ሚስቱም መጥታ ነበር። እሷ ግን የማዳበሪያ ላስቲክ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠምጥማ በገመድ አስራ ነው የመጣች። ስትራመድ ይንሿሿል። ሁሉም ፊቱን ወዲያ አዞረ፣ ሳቅ እንዳያመልጠው። ላስቲኩ ጭቃ ሞላ። አንዴ እግሯን መንቀል አቅቷት ተቀረቀረች። ልጅቱ ሄዳ እጇን ሰጠቻት። ሴትየዋ እጁን አየችው፤ ብዙ አላየችውም፣ ያዘችው። ወጥታ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ ገመዱን ፈታች፣ ላስቲኩን ወረወረች፣ «ይህስ ከአልቅት ይብሳል» ብላ ተመልሳ ገባች። ምሳ ላይ ያመጣችውን እንጀራ በአንድ ትሪ ዘረጋችው። ልጆቼ እንደለመዱት ራቅ ብለው ሊቀመጡ ሲሉ «ወዴት ነው? ሁለተኛ ትሪ አላመጣሁም» አለቻቸው። ተቀመጡ። እኔ ያን ቀን ምን ወጥ እንደበላሁ አላስታውስም፤ ባለቤቴ የሽሮ ነበር ትል ነበር።

ሁለት ቀን ሠሩልን፤ አንዱ ለእዳው ነው፣ ሁለተኛው ምን እንደሆነ መሪው አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማሳው ታረመ። ኅዳር ላይ ሩዙን ስናመላልስ የመጨረሻውን ጭነት ፈረሴ አልስብ ብሎ ቆመ፤ ልጆቹ ከኋላ ሆነው እየገፉ ወረታን አቋርጠን ገባን። ኬሻዎቹን ባለቤቴ በመጋዘኑ አንድ ጥግ ደረደረቻቸው። መጋዘን የነበረው ቤት እንደገና እህል ሸተተ። ያን ዓመት አንድም ልጅ መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ አልዋጠም።

በዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ አንድ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። በዚያን ጊዜ ያንን በር የሚያንኳኳ ጥቂት ሰው ነበር፤ ሌላው ከአጥር ወዲያ ይጣራል። ከፈትኩ። መሪው ነው።

«ነገ ወንፈል እንጀምራለን» አለ።

ጋቢየን እያስተካከልኩ «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ።

«አንተን ማን ጠራህ?» አለ። «አንተ ጋሪህ ላይ ቁጭ በል። ልጅቱን ነው። ዘፈኑን የምታወጣልን እሷ ናት ብለው ሁሉም ተስማምተዋል። ከነልጆቹ ትምጣ።»

ሄደች። እኔም ሳልጠራ በማግስቱ ጋሪየን ይዤ ሄድኩ፤ ድንበሩ ላይ ቆሜ ለማየት። ደመና ነበር፣ ፀሐይ የለችም፣ ሰዓት መለየት ያስቸግራል። መስመሩ በሙሉ ጎንብሶ ይሠራል፣ እሷ ታወጣለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። ድንገት መሪው ቀና ብሎ እጁን አነሣ።

«ቁሙ!» አለ። «ልጄ፣ ሰዓትሽ አልደረሰም እንዴ?»

ሻሿን ፈታች። ያ ሁሉ ሰው፣ ውኃው ውስጥ እንደቆመ፣ ውጣ እስክትጨርስ ጠበቃት። የመሪው ሚስት በቅል ውኃ አቀበለቻት። ከዚያ ልጅቱ አፏን ጠረገች፣ ጎነበሰች፣ ዘፈኑን ካቆመችበት ቀጠለች።